ልብ የወለደውና ዘመን የወለደው ታሪክ

ተረት የማይወድ ሕፃን፥ የአባቶቹን ወሬ መስማት የማይሻ ሽማግሌ አይገኝም። ሕፃኑ ግን ተረቱን ሰምቶ ሲያበቃ ወደ አያቱ ቀና ብሎ «ይህ ነገር በእውነት ሆኗልን?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች አጭር ጥያቄ የታሪክ ምርመራ ሁሉ መነሻ ናት፤ ሕፃኑ አድጎ መጽሐፍ አንባቢ በሆነ ጊዜም አትለየውም። ደራሲ ንጉሥንና መስፍንን ከሐሳቡ አውጥቶ በጻፈ ጊዜ አንባቢው «ይህ ንጉሥ የትኛው ነው? ይህስ ጦርነት በማን ዘመን የተደረገው ነው?» እያለ ይመረምራል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የወደድነው ይህ ምርመራ ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ፥ ጉዳቱም ከወዴት እንደሚመጣ፥ ይልቁንም ለወልድያ፥ ለመርሳና ለሀብሩ ልጆች ለምን ሊታሰብበት እንደሚገባ ነው።

የቃኘው ሻለቃ ጦራችን ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ደሙን ባፈሰሰባት በኮሪያ አገር፥ ሥዕልንና ቃልን አጋጥሞ በእጅ ስልክ የሚነበብ ተከታታይ ታሪክ የመጻፍ ልማድ በርትቷል። ከነዚህም ብዙዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1392 እስከ 1910 በቆየው በጆሶን መንግሥት ዘመን የተፈጸሙ መስለው የሚጻፉ ናቸው። ደራሲው የንጉሡን ስም ከልቡ ያወጣዋል፤ ዘመኑንም ብዙ ጊዜ አይጠቅስም። አንባቢዎቹ ግን በዚህ አይረኩም። የባለሥልጣኑን የባርኔጣ ቅርጽ፥ የልብሱን ቀለም፥ የቤተ መንግሥቱን በር እየተመለከቱ «ይህ ጨካኝ ንጉሥ በ1506 ከዙፋኑ የወረደው ዮንሳን ነው» ይላሉ። ከአባቱ ጋር የተጣላ ልዑል በታየ ጊዜ ደግሞ «ይህስ በ1762 አባቱ ንጉሥ ዮንግጆ በሩዝ ሣጥን አዘግተውበት ከስምንት ቀን በኋላ የሞተው ልዑል ሳዶ ነው» ብለው ይከራከራሉ። አንዱ ያቆመውን ግምት ሌላው ያፈርሰዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ሊያስታርቅ ይነሣል።

እነዚህ አንባቢዎች ክርክራቸውን የሚያቀርቡበት አንድ ታላቅ ዳኛ አላቸው። ይኸውም የ25 ነገሥታትንና የ472 ዓመታትን ነገር የያዘው የጆሶን ዜና መዋዕል ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅትም በ1997 በዓለም መታሰቢያነት መዝግቦታል። ጸሐፊዎቹ ከንጉሡ አጠገብ እየተቀመጡ ያዩትንና የሰሙትን ይጽፉ ነበር፤ ንጉሡም የተጻፈውን እንዳያይ ሥርዓቱ ይከለክለው ነበር። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ ሲያድኑ ከፈረስ ወደቁ፤ ወዲያውም ዘወር ብለው «ይህን ነገር ጸሐፊው እንዳያውቅ» አሉ። ጸሐፊው ግን መውደቃቸውን ብቻ ሳይሆን «እንዳያውቅ» ማለታቸውንም ጨምሮ ጻፈው። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ሕዝብ ልብ ወለዱን እንደ ልቡ ቢጽፍ፥ አንባቢውም እንደ ልቡ ቢገምት፥ የሚመለስበት ምሰሶ ስላለው አይጠፋም።

ወደ አገራችን በተመለስን ጊዜ ነገሩን የሚያከብደው አስቀድሞ ቋንቋችን ራሱ ነው። «ታሪክ» የሚለው ቃል በእውነት የሆነውንም፥ ለጨዋታ የተነገረውንም ይሸከማል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም በሮማ ባሳተሙት፥ በኋላም ጦቢያ ተብሎ በታወቀው መጽሐፋቸው ላይ የጻፉት ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ልብ የወለደው ነገር ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራ ኖሯል። እንግዲህ «ታሪክ አነበብሁ» የሚል ወጣት በተገኘ ጊዜ፥ ልብ የወለደውን ይሁን ዘመን የወለደውን፥ ደግመን ካልጠየቅነው በቀር ለይተን ልናውቅ አንችልም።

የየጁ መሳፍንት ነገር ለዚህ ሁሉ ዋና ምሳሌ ነው። ዛሬ የሰሜን ወሎ ዋና ከተማ የሆነችው ወልድያ፥ በሀብሩም ወረዳ ያሉት መርሳ፥ ውርጌሳና ግራና የሚገኙበት ምድር በጥንት ስሙ የጁ የሚባለው ነው። ከዚህ አገር የተነሡት መሳፍንት ወረ ሼህ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም የሼህ ቤት ማለት ነው። ከ1776 ዓ.ም ገደማ ከታላቁ ዓሊ ጀምሮ እስከ 1845 ዓ.ም እስከ ትንሹ ራስ ዓሊ ድረስ፥ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ሲያስተዳድሩ፥ ንጉሥም ሲያነግሡና ሲያወርዱ የኖሩት እነርሱ ናቸው። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ይማም፥ ማርዬና ዶሪ ተከታትለው ራስ ሆኑ። የመጨረሻው ራስ ዓሊ ገና ልጅ ሳሉ ስለ ተሾሙ፥ የመንግሥቱን ነገር እናታቸው እቴጌ መነን ሊበን በብርቱ ይመለከቱት ነበር። የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች ዓሊም ከቋራ ለተነሣው ለካሣ ኃይሉ ተዳረች። ካሣ በሰኔ ወር 1845 ዓ.ም በአይሻል ጦርነት አማቱን ድል አደረገ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ ዘመነ መሳፍንትም በዚህ ተፈጸመ።

ይህን ዘመን ግን ከዜና መዋዕሉ አንብቦ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ብዙው ሕዝብ ያወቀው በቲያትርና በልብ ወለድ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለው ቲያትር በ1942 ዓ.ም፥ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በ1958 ዓ.ም፥ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» በ1961 ዓ.ም ወጥተዋል። እነዚህና የመሰሏቸው ድርሰቶች አፄ ቴዎድሮስን በሕዝብ ልብ ውስጥ አኑረዋል፤ ስለዚህም ደራሲዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጀግናው በጎላ ቍጥር ተቃዋሚው ማነሱ የድርሰት ጠባይ ነው። ስለ ቴዎድሮስ በተጻፈ ድርሰት ራስ ዓሊ የሚመዘኑት በራሳቸው ሥራ አይደለም፤ ለጀግናው መሰናክል በመሆናቸው ነው። በወልድያ ወይም በመርሳ ተወልዶ ያደገ ልጅ የአገሩን መሳፍንት ከዚህ በቀር ያላወቀ እንደ ሆነ፥ አያቶቹን በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ በጥላነት ብቻ አግኝቷቸዋል ማለት ነው። አንዳንዱ ይህን አይቶ ያፍራል፤ ሌላው ተቈጥቶ በፊተኛው ልብ ወለድ ፈንታ አዲስ ልብ ወለድ ይፈጥርና «እውነተኛው ይህ ነው» ብሎ ይነሣል። ሁለቱም ጎጂ ናቸው።

ታዲያ አንባቢ አይገምት፥ አይመርምር ማለታችን ነውን? አይደለም። በቅኔ ቤት ያደገ ሕዝብ ከሰሙ ሥር ወርቁን ሲፈልግ ልማዱ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። ነገር ግን የቅኔ መምህር ተማሪው «ወርቁ ይህ ነው» ባለ ጊዜ «ከየትኛው ቃል አወጣኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። በአንድምታም ትርጓሜ መምህሩ «አንድም» እያለ ብዙ ሐሳብ ይደረድራል፤ እያንዳንዱ ሐሳብ ግን ከንባቡ ተነሥቶ ወደ ንባቡ ይመለሳል። ከንባቡ ያልተነሣ ወርቅ ተማሪው ከኪሱ ያወጣው ነው። እንግዲህ ልብ ወለድን ከታሪክ ጋር ለሚያጋጥም አንባቢ የሚጠቅሙትን አራት መመዘኛዎች እናመለክታለን፤ እነዚህም ዘመን፥ ስፍራ፥ ስምና ምስክር ናቸው።

መጀመሪያው ዘመን ነው። አንድ አንባቢ በልብ ወለድ ውስጥ ከካሣ ጋር የሚጣላ የየጁ ራስ አግኝቶ «ይህ ራስ ጉግሣ ናቸው» ቢል፥ የሞቱበትን ዓመት መጠየቅ ይበቃል። ራስ ጉግሣ ያረፉት በ1817 ዓ.ም ነው፤ በዚያ ጊዜ ካሣ ገና ሕፃን ነበር። ግምቱ ምንም ያህል ቢያምር ዓመቱ አይቀበለውም።

ሁለተኛው ስፍራ ነው። የየጁ መሳፍንት ስለ ተባሉ መንግሥታቸው በወልድያ የነበረ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የገዙት ከደብረ ታቦር ነው፤ የተሸነፉበት አይሻልም በጎጃም ነው። የጁ የወጡበትና ዘመድ ያላቸው አገር ነበረች፤ በመጨረሻም የተመለሱባት መሸሸጊያ ሆነች። ራስ ዓሊ ከአይሻል በኋላ ወደ የጁ ገብተው እስከ 1858 ዓ.ም ገደማ ድረስ እንደ ኖሩ ይታወቃል። እንግዲህ ወጣቶች በወልድያ ወይም በሀብሩ የራስ ዓሊን ግብር አዳራሽ ከመፈለግ ይልቅ፥ ሥልጣን ያጣ መስፍን ያን ያህል ዓመት እንዴት እንደ ኖረ፥ ማን እንዳስጠጋው፥ ምን እንደ ተናገረ ቢጠይቁ፥ የአገራቸው ምድር ሊመልስላቸው የሚችለው ጥያቄ ይህ ነው። ደራሲዎች መጋረጃውን በአይሻል ላይ ስለሚዘጉት ይህን ክፍል የሚነግረን አልተገኘም።

ሦስተኛው ስም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያታልልም እርሱ ነው። ራስ ጉግሣ የሚባሉ ከየጁ ጋር የተያያዙ ሁለት ታላላቅ ሰዎች አሉ። ፊተኛው አሁን ያነሣናቸው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ ኋለኛው የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፥ የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩት፥ በመጋቢት 1922 ዓ.ም በአንቺም ጦርነት የሞቱት ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። ሁለቱም በየጁ ትውልድ፥ ሁለቱም በበጌምድር ሹመት የሚታወቁ ናቸው፤ በሞታቸው መካከል ግን 105 ዓመት አለ። ሰነፍ አንባቢ የአንዱን ጦርነት ለሌላው ሲሰጥ አይቸገርም። እንደዚሁም የፊተኛው ራስ ጉግሣ የአባታቸው ስም በአንዳንዱ መጽሐፍ መርሶ፥ በሌላው መርሳ ተብሎ ይጻፋል። ይህን ያየ ሰው «የመርሳ ከተማ ስሟን ከእርሳቸው አገኘች» ሊል ይቸኩላል። ነገሩ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ነገር ግን የሁለት ስም መመሳሰል የጥያቄ መነሻ እንጂ የጥያቄ መልስ አይደለም።

አራተኛው ምስክር ነው፤ ይኸውም «ማን አየ? ማን ሰማ? ለማንስ ያደላ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። የካሣ እናት ኮሶ ትሸጥ ነበር እየተባለ፥ እርሱም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብሎ እንደ ተሰደበ ይነገራል። በዚህ ስድብ የፎከረውን ደጃዝማች ወንድይራድን በማረከው ጊዜ ካሣ ኮሶ አጠጣው ይባላል። ይህን የመሰለ ነገር ለቲያትር እጅግ የተመቸ ስለ ሆነ፥ ደራሲ የፈጠረው የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገር ግን ከደራሲዎቹ በፊት በቃል ሲነገር የኖረ ነው። በአንጻሩ ተዋበችና ካሣ በድንኳን ውስጥ ብቻቸውን ሆነው የተነጋገሩት ቃል በየድርሰቱ ይነበባል፤ ይህን ግን የሰማ ሰው የለም። ተዋበች ከአባቷ ይልቅ ባልዋን መርጣ መቆሟ የታሪክ ነው፤ የተናገረችው ቃል የደራሲ ነው። ለምስክርነትም ከቀረቡት የጽሑፍ ሰዎች፥ የአፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም በአንድ ንጉሥ ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ አልሰጡም፤ የፊተኛው ብዕር ያመሰግናል፥ የኋለኛው ይነቅፋል። ሁለቱን አቆራኝቶ ያነበበ ሰው አንዱን ብቻ ካነበበው ይልቅ ወደ እውነት ይቀርባል።

በእነዚህ አራት መመዘኛዎች የመዘነ አንባቢ የሚጐድልበት ነገር የለም፤ እውነተኛው ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ከልብ ወለዱ ይልቅ ያስደንቃልና። በ1834 ዓ.ም ደጃዝማች ውቤ ከስሜን መጥተው ራስ ዓሊን በደብረ ታቦር ገጠሟቸው። ድሉ የውቤ ሆነ፤ ራስ ዓሊም ሸሽተው ተሸሸጉ። ውቤ ግን በድል ደስታ ተቀምጠው ሳለ የራስ ዓሊ ወገን ደጃዝማች ብሩ ዓሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። አሸናፊው በማዕዱ ላይ ተያዘ፤ ተሸናፊው በተሸሸገበት ሳለ ባለ ድል ሆነ። ይህን አንድ ደራሲ ከልቡ አውጥቶ ቢጽፈው ኖሮ «የማይመስል ነው» ተብሎ ይነቀፍ ነበር።

ደግሞም መጽሐፍ ታሪክን የሚከተል ብቻ አይደለም፤ ታሪክም መጽሐፍን የተከተለበት ጊዜ አለ። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ እንደሚሆን የተነገረ ትንቢት አለ። ሕዝቡ በመሳፍንቱ ጦርነት ተጨንቆ ሳለ «ይህ ንጉሥ ማን ይሆን? መቼስ ይመጣል?» እያለ ይገምት ነበር። ካሣም በነገሠ ጊዜ ይህን ስም መረጠ። እዚህ ላይ አንባቢው በመጽሐፍ ያለውን ንጉሥ በምድር ሲፈልግ፥ በምድር ያለው ሰው ራሱን «እኔ ነኝ» ብሎ አቀረበ። ስለዚህ የአንባቢን ግምት እንደ ሥራ ፈት ጨዋታ ንቀን የምንተወው አይደለም፤ ዘውድ ያስጨበጠበት ጊዜ አለና።

ሕይወት ያስጠፋበትም ጊዜ አለ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም ባሳተመ ጊዜ፥ አንባቢው በመጽሐፉ ያሉትን ሰዎች በዚያን ጊዜ በሥልጣን ከነበሩት ጋር እያመሳሰለ ማንበብ ጀመረ። ባለሥልጣኖችም እንደዚሁ አነበቡት። መጽሐፉ ከገበያ ታገደ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ ወጥቶ ቀረ። ልብ ወለድን እንደ ክስ ወረቀት የሚያነብ ገዥ ባለበት አገር ደራሲም አንባቢም አይድኑም። ስለዚህ ልብ ወለድን ለልብ ወለድነቱ፥ ታሪክን ለታሪክነቱ መተው የአእምሮ ንጽሕና ብቻ ሳይሆን የሰውም ደኅንነት ነው።

በዚህም ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የታሪክ ልብ ወለድ ሁለት ዘመን አለው፤ አንዱ የተተረከበት፥ ሁለተኛው የተጻፈበት ነው። የ1942ቱ ቲያትር የወጣው አገራችን ከጠላት እጅ ከወጣች ጥቂት ዓመታት በኋላ፥ የአንድነትና የነጻነት ነገር በሰው ሁሉ አፍ በነበረበት ጊዜ ነው። የ1958ቱና የ1961ዱ መጻሕፍት የተነበቡት የ1966ቱ አብዮት በተቃረበበት፥ ወጣቱ ለውጥ በሚጠይቅበት ዘመን ነው። ከዝቅተኛ ስፍራ ተነሥቶ መሳፍንትን የሰበረ ጀግና በዚያን ጊዜ እንዴት እንደሚወደድ ማሰብ አያስቸግርም። ስለዚህ እነዚህን ድርሰቶች ያነበበ ሰው ስለ ራስ ዓሊ ዘመን ከሚማረው ይልቅ ስለ ጻፏቸው ሰዎች ዘመን የሚማረው ሊበልጥ ይችላል። ወርቁ እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ የሚቀረው ሥራ ምንድር ነው? የጆሶን ጸሐፊዎች ያቆዩትን ያህል መዝገብ ለየጁ መሳፍንት አልተጻፈላቸውም፤ ያለው በጽሑፍ የአሸናፊው ዜና መዋዕል፥ እንግዶች የጻፉት፥ በቃል ደግሞ ሽማግሌዎች የያዙት ነው። የቃሉ መዝገብ ግን ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ በወልድያ፥ በመርሳና በመላው ሀብሩ ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ልብ ወለዱንና ዜና መዋዕሉን ጎን ለጎን አድርገው እንዲያነቡ፥ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን እንዲጽፉ ቢያደርጓቸው መልካም ነው። ተማሪዎቹም ወደ ሽማግሌዎች ሄደው በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት የሚነገረውን ይጻፉ፤ በጻፉም ጊዜ የተናጋሪውን ስም፥ ከማን እንደ ሰማው፥ የተነገረበትን ስፍራና ቀን አይተዉ። ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ለማስማማት ብሎ ከሁለቱ አንዱን መፋቅ የጸሐፊ ሥራ አይደለም። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም የተሰበሰበውን ቢያከማችና ቢያሳትም አገሩን ያገለግላል።

ይህን የምንለው ለጥንቱ ነገር ብቻ አይደለም። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ በጦርነት መካከል የነበሩበትን ወራት ሕዝቡ ገና ያስታውሳል። ያየው አለ፥ የሸሸው አለ፥ ደጁን ዘግቶ የቀረው አለ፥ ቤቱን ለስደተኛ የከፈተው አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ደራሲ ተነሥቶ በእነዚህ ወራት ላይ ልብ ወለድ ይጽፋል፤ ይህም አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሚነሡ አንባቢዎች «ይህች እናት ማን ነበረች? ይህ ሹም የትኛው ነው? ይህስ በእውነት ሆኗልን?» ብለው ይከራከራሉ። መልስ የሚያገኙት ዛሬ የተጻፈ ካለ ነው። የተጻፈ ከሌለ ደራሲው ያለው ሁሉ ታሪክ ይሆናል፤ ደፋሩም ባለ ሥልጣን እንደ ወደደ ይተረጉመዋል።

ንጉሥ ቴጆንግ ከፈረስ መውደቃቸውን ጸሐፊ እንዳያውቅ ወደዱ፤ ስድስት መቶ ዓመት አልፎ እኛ በኢትዮጵያ አወቅነው። ይህን ያደረገ ሠራዊት ወይም ባለጸግነት አይደለም፤ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የጻፈ አንድ ሰው ነው። የየጁ ልጆችም ልብ ወለዱን በደስታ ያንብቡ፥ በነጻነትም ይገምቱ፥ በዘመን፥ በስፍራ፥ በስምና በምስክር ይመዝኑ፤ ከሁሉ አስቀድመው ግን ብዕር አንሥተው ያዩትንና የሰሙትን ይጻፉ።